ሳይጠይቁ ማስተናገድ፣ ሳያውቁ መፍረድ፦ ስለ ዕለታዊ ደግነትና ስለ መጀመሪያ እይታ ከጎጃም ደጋ የተነሣ ዳሰሳ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣው መንገድ ሮብ ገበያን ሳይነካ አያልፍም። የስናን ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች የደጋ ከተማ ስሟን ያገኘችው ረቡዕ ረቡዕ ከሚቆመው ገበያ ነው። የዚያን ቀን ገብስና ድንች የጫነ ደገኛ፣ በግ የሚነዳ ልጅ፣ ሸክላ አዝላ የመጣች ሴት፣ አኩፋዳ ያንጠለጠለ የቆሎ ተማሪና እግሩ ያበጠ ገበሬ በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። አብዛኞቹ አይተዋወቁም፤ ሆኖም እርስ በርስ ሲተያዩ ሁሉም ስለ ሌላው የሆነ ነገር ወዲያው ይወስናል።

ስለ ደግነት ሲጻፍ ሁለት ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ ይታሰራሉ። አንደኛው ለማያውቁት ሰው በጎ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው ሰውን ባዩት ቅጽበት አለመፈረጅ። እየናቁ ማብላት እንደሚቻል ግን ማንኛውም ለማኝ ያውቃል። የሰውን ማንነት በትክክል አውቆ ጦሙን መሸኘትም ይቻላል። ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት ይህን ዳሰሳ ከተለመደው ምክር ትንሽ ያርቀዋል። ድምዳሜውም አስቀድሞ ቢነገር ጉዳት የለውም፦ የጎጃም ደጋ ባህል የመጀመሪያ እይታን ለማረም ብዙ የደከመ አይመስልም። የደከመው ደግነቱ እይታውን ቀድሞ እንዲመጣ በሥርዓት ለማሰር ነው። ሥርዓቱ የሚያገለግለው ግን «እንግዳ» ተብሎ የሚቆጠረውን ነው፤ ክርክሩም ያለው ከቁጥር ውጭ በቀሩት ላይ ነው።

የእግዜር እንግዳ

የመሸበት መንገደኛ ከአጥር ውጭ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» ብሎ ይመልሳል። ውሃ ይሞቃል፤ ከቤቱ ልጆች አንዱ ወይም እመቤቲቱ የእንግዳውን እግር ታጥባለች፤ እህል ይቀርባል። ከወዴት ነህ፣ የማን ልጅ ነህ የሚለው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የባህሉ ብልሃት ያለው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ጥያቄው ቢቀድም ኖሮ መልሱ በእህሉና በመኝታው ላይ ይፈርድ ነበር።

የሥርዓቱ ምንጭ ተብሎ በቤተ ክርስቲያን የሚጠቀሰው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 ያለው የአብርሃም ታሪክ ነው፤ ሦስቱ እንግዶች እነማን እንደሆኑ ሳይጠይቅ እግራቸውን የሚያጥቡበት ውሃ አቀረበላቸው። ሌላው በአገራችን ትልቅ ስፍራ ያለው የመስተንግዶ ታሪክ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች በአክሱም ንጉሥ በነጋሺ ዘንድ መጠጊያ ማግኘታቸው ነው። ሁለቱ በአንድነት ቢወሱም የተለያዩ ናቸው። አብርሃም ሳይጠይቅ ተቀበለ። ነጋሺ ግን አሳልፈህ ስጠን የሚሉት የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው ሲመጡ ስደተኞቹን አስጠርቶ፣ የሁለቱንም ወገን ቃል ሰምቶ ነው የወሰነው። የመጀመሪያው ፍርድን ወደ ጎን የሚያደርግ ደግነት ነው፤ ሁለተኛው ፍርድን በጥሞና የሚያካሂድ። የጎጃም የእንግዳ ልማድ ወደ አብርሃም ያዘነብላል፤ ስለዚህም ለአንድ ሌሊት እንጂ ለረጅም ጉርብትና የተሠራ አይደለም። የማያውቁትን ሰው አሳድሮ መሸኘት አንድ ነገር ነው፤ ከእርሱ ጋር መዋለድ ሌላ።

ባህሉ ጥርጣሬንም አስተምሯል። «የሰው መድኃኒቱ ሰው» የሚለው አፍ «ሰው ማመን ቀብሮ ነው»ም ይላል። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘ መጽሐፉ፣ በመንዝ ካደረገው ጥናት ተነሥቶ፣ በአማራ ማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ ድርብ ንግግርና መጠራጠር ሰፊ ቦታ እንዳላቸው ተከራክሯል። ከአንድ የቅኔ ስልት ተነሥቶ ስለ ሕዝብ ጠባይ መናገር ረጅም ዝላይ ይመስለኛል። ሆኖም ምልከታው አይጣልም፦ በብርቱ የሚጠራጠርና በብርቱ የሚያስተናግድ ኅብረተሰብ ራሱን የሚቃረን አይደለም። ጥርጣሬው ስላለ ነው መስተንግዶው ለግለሰብ ስሜት ሳይተው ግዴታ የሆነው ማለት ይቻላል።

ጥርኝ ውሃ

ትንሽ የበጎ ሥራ ምን ያህል ትመዝናለች የሚለው ክርክር በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ የቆየ መድረክ አለው፤ እርሱም የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። በተአምረ ማርያም እንደሚተረከው፣ 78 ሰው የበላው ይህ ሰው ለአንድ በቁስል ለተመታ ምስኪን በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠ፤ በሚዛን ላይም ያች ውሃ አመዘነች። ታሪኩ በተለይ የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል ይነገራል።

በትርጓሜው ላይ ሁለት ወገን አለ። አንዱ ወገን የምሕረትን ስፋት ያይበታል፦ ከሰው ሁሉ በከፋው ውስጥ እንኳ የምትራራ ጥግ አለች። ሌላው፣ በተለይ ከፕሮቴስታንት በኩል የሚመጣው ትችት፣ 78 ነፍስ በእፍኝ ውሃ መካሱ የፍትሕን ነገር ያቀልላል ይላል። ለዚህ ዳሰሳ የሚጠቅመው ግን ብዙም የማይነሣው ጎን ነው፦ በታሪኩ ውስጥ ሁለት አስፈሪ ገጽታዎች ተገናኝተዋል፤ ሰው በላውና ቁስለኛው። ማንም የማይቀርባቸው ሁለት ሰዎች ናቸው አንዱ ሌላውን ያጠጣው። ደግነቱም የወጣው ስለ ለማኙ መልካም ነገር በማወቅ አይደለም፤ በተጠራው ስም ነው። አኩፋዳ ተሸክሞ ከደጅ የሚቆመው የቆሎ ተማሪም ያንኑ ስም ይጠራል።

አኩፋዳና ለምድ

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ ለዘመናት ተማሪ ከሩቅ የሚጎርፍባቸው ጉባኤዎች ናቸው። ተማሪው ከወላጆቹ ቀዬ ርቆ ይሄዳል፤ ለምድ ለብሶ፣ በጎጆ እያደረ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይለምናል። ውሻ ያባርረዋል፤ ቁራሽ እንጀራ ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ ለአንድ ቀን ሳይሆን ለዓመታት ነው። የገበሬው ቤት ያለ መዝገብና ያለ በጀት የአገሪቱን አንጋፋ የትምህርት ሥርዓት ሲቀልብ ኖሯል ማለት ነው። የዕለታዊ ደግነት ማስረጃ የሚፈለግ ከሆነ ከዚህ የሚበልጥ ማግኘት ይቸግራል።

ማስረጃው የሚያሳየው ምን እንደሆነ ግን አያስማማም። ሰጪው ከቡትቶው ባሻገር የነገውን መምህር ያያል የሚል ንባብ አለ። ለነፍሱ ብሎ እንጂ ለተማሪው ብሎ አይሰጥም የሚልም አለ። ሦስተኛው ንባብ ፍርሃትን ያነሣል፦ ደብተራ አስማት ያውቃል የሚለው ወሬ ስላለ፣ የተማሪን እርግማን ላለመቀበል የሚሰጥ አይጠፋም። ሦስቱም በአንድ እጅ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ፤ እንጀራው ግን በሦስቱም ምክንያት ያው እንጀራ ነው። ቅኔ የሚማር ሰው ላዩን ትቶ ውስጡን ማየት ይለምዳልና ሰውንም እንዲሁ ያያል የሚለው የተወደደ ሐሳብ ደግሞ ማስረጃ ያልቀረበለት ነው። ግጥም መፍታትና ሰው ማወቅ ሁለት ሙያ ናቸው።

ገበያ ላይ

ገበያ የመጀመሪያ እይታ ሕጋዊ የሚሆንበት ቦታ ነው። የአህያ ጥርስ ይገለጣል፤ ቅቤ ይሸተታል፤ እህሉ ከጆንያው ግርጌ ተዝቆ ይታያል። ይህን ማድረግ ንቀት አይደለም። አንትሮፖሎጂስቱ ክሊፎርድ ጊርትዝ በሞሮኮዋ ሰፍሩ ከተማ ባደረገው ጥናት በ1978 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ በእንዲህ ያለ ገበያ ውስጥ ከሸቀጡ ይልቅ የሚጎድለው መረጃ ነው፤ ሰዎችም ያንን ጉድለት የሚሞሉት ደጋግመው ከአንድ ሰው ጋር በመገበያየት ነው። እኛ ደንበኛ የምንለው ይህንን ነው። ከሰፈሩለት በላይ የሚጨመረው ምርቃት ከዚህ አንጻር ሲታይ ስጦታ ነው ወይስ ማስታወቂያ? ሁለቱንም መሆኑ የሚያሳፍር አይመስለኝም። ደንበኝነት ሰውን ቀስ ብሎ የማወቂያ መንገድ ነው፤ ከእግር ማጠቡ ሥርዓት የጎደለውን ጊዜ እርሱ ይሞላል።

ከቁጥር የቀሩት

ሸክላ ሠሪዋ ትሸጣለች፤ ቀጥቃጩ ማረሻ ይስላል፤ ያለ እነርሱ ምጣድም እርሻም የለም። ነገር ግን በሰሜኑ ደጋ ጠይብ፣ ፋቂና ሸማኔ የሚባሉት ሙያተኞች ለብዙ ዘመን በሩቅ ተይዘዋል፤ አብረዋቸው መጋባት የማይታሰብ ነበር፣ በቡዳነትም ይጠረጠሩ ነበር። ቡዳ የሚያሰኘው ዐይን ነው፤ ተጠርጣሪው ምንም ሳያደርግ ስላየ ብቻ ይከሰሳል። የመጀመሪያ እይታ ወደ እምነት ሲለወጥ እስከየት እንደሚሄድ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ማብራሪያዎቹ ይለያያሉ። ሮናልድ ሬሚኒክ በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ እምነቱን ከቅናትና ርስት ባለውና በሌለው መካከል ካለው ግንኙነት ጋር አያይዞታል። ቶም ቦይልስተን በጣና ዳር በዘጌ ያደረገውን ጥናት በ2018 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ሲያወጣ ደግሞ ቡዳን ከመብልና ከመስተንግዶ ጋር አጣምሮ ነው ያነበበው፦ ማን ከማን ጋር ይበላል የሚለው ጥያቄ ደግነትንም ፍርሃትንም ይወልዳል። ሁለተኛው ንባብ ለእኛ ጥያቄ ይበልጥ የቀረበ ነው፤ ጥሩ አስተናጋጅነትና ማግለል ከአንድ ማዕድ ዙሪያ ሊበቅሉ እንደሚችሉ ያስረዳልና።

መንግሥት ጣልቃ የገባበትም ጊዜ አለ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም ከርስት ርቀው ለኖሩት መሬት የማግኘትን በር ከፈተ። ስድቡ ከአደባባይ ሲቀንስ ጋብቻው ግን ወዲያው አልተከተለም። አዋጅ አፍን ሊይዝ ይችላል፤ ዐይንን መያዝ ግን ይከብደዋል።

በሥነ ጽሑፍ በኩል ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ አግዝፎ ያቀረበው የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው በእንዶዳም ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስና በዲማ ተምረው ያደጉ ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ አገሬው እብድ ብሎ የሚስቅበትን ጉዱ ካሣን ከሁሉም አርቆ የሚያይ አድርገውታል። በልቦለዱ ውስጥ አንድ ያልተፈታ ነገር ግን አለ፦ አንባቢው ጉዱ ካሣን የሚያከብረው ጥበበኛ ሆኖ ስለተገኘ ነው። ከእብደቱ ስር ጥበብ ባይኖርስ ኖሮ? «ከላይ ያለውን አትይ፣ ውስጡ ወርቅ ነው» የሚለው ትምህርት ውስጡ ወርቅ ያልሆነውን ሰው ያለ ጠበቃ ያስቀረዋል።

ቤተ ሙከራው ምን አለ?

የሥነ ልቦና ጥናት በመጀመሪያ እይታ ላይ ጠበቅ ያለ ማስረጃ አለው። ጃኒን ዊሊስና አሌክሳንደር ቶዶሮቭ በ2006 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ አንድን ፊት ለሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያዩ ሰዎች ስለ ታማኝነቱ የሰጡት ፍርድ ያለ ገደብ ካዩት ፍርድ ጋር ይቀራረባል። ጊዜ ሲጨመር በአብዛኛው የጨመረው የፈራጁ መተማመን ነው። ሰዎች በፍርዳቸው መስማማታቸው ግን ፍርዱ ልክ ነው ማለት አይደለም፤ ይህን ልዩነት የሚዘነጋ ጽሑፍ ብዙ ነው።

በሌላ በኩል ናሊኒ አምባዲና ሮበርት ሮዘንታል በ1993 እ.ኤ.አ. ድምፅ አልባ የሆኑ አጫጭር የመምህራን ፊልሞችን ያዩ እንግዶች የሰጡት ግምት፣ ተማሪዎች በትምህርት ዘመኑ መጨረሻ ከሰጡት ምዘና ጋር እንደሚዛመድ አገኙ። ይህ የመጀመሪያ እይታ የሚታማውን ያህል ከንቱ አይደለም ለሚሉት ትልቅ ድጋፍ ነው። ተቃውሞው ቀላል ነው፦ የተማሪዎቹም ምዘና ከመጀመሪያው ቀን ባልተላቀቀ እይታ የተቀባ ከሆነስ?

ለጎጃሙ ጉዳይ የበለጠ የሚቀርበው ግን በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመው የጆን ዳርሊና የዳንኤል ባትሰን ሙከራ ነው፤ የተሳተፉት 40 የፕሪንስተን የሥነ መለኮት ተማሪዎች ነበሩ። ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው ንግግር እንዲያደርጉ ተላኩ፤ ለከፊሎቹ የተሰጠው ርዕስ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነበር። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው አጎንብሶ እያሳለ ተቀምጧል። ካልቸኮሉት 63 ከመቶው፣ በመጠኑ ከቸኮሉት 45 ከመቶው፣ በጣም ከቸኮሉት 10 ከመቶው ብቻ ቆመው ረዱ። የንግግሩ ርዕስ ያመጣው ግልጽ ልዩነት አልተገኘም። አንቶኒ ግሪንዋልድ በ1975 እ.ኤ.አ. ውጤቱን መልሶ መርምሮ፣ ከ40 ሰው ተነሥቶ «ምሳሌው አይጠቅምም» ማለት እንደማይቻል አሳስቧል። ማሳሰቢያው ተገቢ ነው። የችኮላው ነገር ግን አብሮ ይቀራል፦ ደግነት ከልብ ስፋት ይልቅ ሰው በያዘው ሰዓት ሊወሰን ይችላል። እግር ማጠቡን ከጥያቄው ያስቀደመው ልማድ የሠራው ይህንኑ ነው፤ አስተናጋጁ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ተወስኖለታል።

በቅርቡ አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ ሰጪዎች ትንሽ በጎ ሥራ ለተቀባዩ የሚኖራትን ዋጋ አሳንሰው እንደሚገምቱ አሳይተዋል። ሙከራቸው ያልተጠበቀ ስጦታን የሚመለከት ነው። መስጠት ግዴታ በሆነበት፣ ተቀባዩም «ይገባኛል» ብሎ በሚቆምበት ደጅ ይህ ግኝት ይሠራል ወይ የሚለው በእኛ አገር ገና መፈተን ያለበት ነው።

ዛሬ ያለው ሙግት

ደግነት ቀነሰ ወይስ ቤት ቀየረ? በከተማ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ከግሸን መልስ ሁለት ሕፃናትን ይዘው በመግባት የጀመሩት፣ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የመቄዶንያን የበጎ አድራጎት ማዕከል ሲመሠርት የተከተለው መንገድ ደግነትን ተቋም አድርጎታል። የተቋም ደግነት ስፋት አለው፤ ለሰጪው ግን ተቀባዩን ከማየት ነፃነት ይሰጠዋል። በስልክ አጭር ቁጥር ብር የላከ ሰው የማንንም ፊት አላየም። ይህ በአንድ በኩል ትርፍ ነው፤ በመልክ አልመረጠምና።

መንግሥት በበኩሉ በአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 የመጠርጠርን ሥልጣን ለፖሊስ ሲሰጥ፣ ሥራ የሌለው የሚመስል ወጣት በመልኩ የሚጠየቅበትን በር ከፍቷል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን የአሁኑ ሁኔታ ነው። የአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በትጥቅ ግጭት ውስጥ ይገኛል። መሽቶበት ከአጥር ውጭ የቆመ ሰው ዛሬ ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ይግባ ማለት ለባለቤቱ ሕይወት የሚያስከፍል ውሳኔ ሊሆን ይችላል። «ባህላችን ጠፋ» የሚለው ሐዘን ይህን ልዩነት ካላየ ፍርደ ገምድል ነው። በጭንቅ ጊዜ ጥያቄውን ያስቀደመ ቤት ደግነቱን ጥሏል ማለት አይቻልም፤ ከአብርሃም ወደ ነጋሺ ተሻግሮ ይሆናል።

ያበጠው እግር

የሁለቱን ጥያቄዎች መለያየት በአካል የሚያሳየው የዝሆኔ ሕመም ነው። በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አይደለም። ይህን በማስረጃ ያቆመው በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በአገሪቱ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ታማሚዎች እንዳሉ ተገምቷል። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ተደርጎ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ 3.3 ከመቶው ሕመሙ እንዳለበት አገኘ። አገሬው ሕመሙን እርግማን ወይም የዘር ነገር አድርጎ ስለሚያየው ታማሚው ከማኅበር፣ ከገበያና ከጋብቻ ይሸሻል፤ ወይም ይሸሹታል። እግር ማጠብን የመስተንግዶ መጀመሪያ ያደረገ አገር ይህን እግር አላጠበም።

ሕክምናው ደግሞ በአመዛኙ እግር ማጠብ ነው፦ ውሃ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ታማሚዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ፣ ይህ ቀላል እንክብካቤ ትኩሳትና ቁርጥማት ይዞ የሚመጣውን ግርሻ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ሳይንሱ ግን ለመገለሉ ንጹሕ መልስ አልሰጠም። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. በወላይታ ታማሚዎች ላይ ባወጡት ጥናት ለሕመሙ የሚያጋልጥ የዘረመል ልዩነት መኖሩን አሳዩ። «በዘር ነው» ይል የነበረው መንደር በከፊል ልክ ነበር ማለት ነው፤ የሳተው ጫማ ያደረገ ሰው እንደማይያዝ አለማወቁ ነው። ለጤና ሠራተኛው ከባዱ ጥያቄ ይህን ለመንደሩ እንዴት እንደሚናገር ነው። ዘርን ከነጭራሹ ሳይጠቅስ ቢያልፍ እውነቱን ያጎድላል፤ ቢጠቅስ ደግሞ ሽማግሌ የላከው ወገን ከንግግሩ የሚይዘው የትኛውን ግማሽ እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም።

ሌላም ያልተፈታ አለ። እብጠቱ ቀንሶ እግሩ ጫማ ውስጥ የገባ ሰው ረቡዕ ገበያ ሲወጣ የሚያየው ሁሉ ጫማውን ነው የሚያየው። ሰላምታው ቢመለስለት ሰዎች ከመጀመሪያው እይታ አልፈው ስላዩት ነው ወይስ የሚታየው ስለተሸፈነ? ሁለቱን የሚለየው ገበያው አይደለም፤ ጋብቻ ነው። የቤተሰቡ ታሪክ ሦስትና አራት ትውልድ ወደ ኋላ ሲጠየቅ ጫማ አይሸፍነውም፤ ክሊኒኩም ግርሻንና የእግር ዙሪያን እንጂ ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚባለውን አይመዘግብም።